የኋላ የኋላ

ሐይቁ እንደ ላሜራ ጠጥሮ ባደረ፣
የጋራዤ መዝጊያ በውርጭ በታሰረ፣
በጥር ወር ማለዳ፣
እህቴ ሲርካ መጣች፣ ልታዘኝ ብየዳ።
“መንገዱ፣” አለች፣ “መስታወት፤ ፍሬኑ ለስሙ ነው፣
ቀይ መብራት ላይ ስቆም በስፖኪዮ የማየው
ግንድ የጫነ ካሚዮን፤ ማን ብሎ ሊያቆመው?
ፓራውልቱ እንደሆን ዝጎ አልቋል፣ አይረባኝ፤
ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ እንዳይሆንብኝ፣
ከተሳቢው መሰኪያ የሚገባ ጋሻ ሥራልኝ።”

ራውቲዮ ማለት ባያቶቼ ቋንቋ ቀጥቃጭ ማለት ነው፣
ስሙን አባቴ አላወጣም፤ ብረቱ ነው ያወጣው።
እናም ቱቦ መረጥኩ፣ ውፍረቱ ጣት የሚያህል፣
ፊቱ ላይ ወፍራም ላሜራ፣ ድብ ገፍቶ የማይጥል፣
ዳርና ዳሩን በየድኩ፣ እንደ ስፌት፣ እንደ ጥልፍ፣
ሦስት ዙር፣ አራት ዙር፣ ሌሊቱ በእሳት እስኪያልፍ።
ፒኑን መትቼ አስገባሁ። በመዶሻ ሞከርኩት።
ጮኸ እንጂ ንቅንቅ አላለም። እንደ ፈረስ መታ መታ አደረግኩት።
“ይሄ፣” አልኳት፣ “እንኳን ካሚዮን ባቡርም አይጥለው።”
ቬይኮ ራውቲዮ፣ አፍ አለው።

ሲርካ ከፈለችኝ፣ በነጻ ብላት እምቢ ብላ፣
በጭስ የደረቀ ስድስት ዓሣ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ።
ከዚያ ወዲያ የኋላዋን ነገር ተወችው ጠቅላላ።

መጋቢት ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣ ሐዲዱ ማቋረጫ፣
ቀዩ መብራት በራ። ቆመች።
ከኋላዋ የመጣው ግንድ የጫነ አልነበረም።
የዳቦ መኪና ነው። ነጂው ጢም ያላበቀለ ልጅ፣
አልፈጠነም፣ አልጠጣም፣
ፍሬኑን ረግጦ፣ ረግጦ፣ ረግጦ
እየተንሸራተተ መጣ።

ድው።

ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት (እግዜር ይቅር ይበለኝ)
እህቴን አይደለም፤ ብረቴን ነው።
አንዲት ጭረት የለችበትም።
ቀለሙ እንኳ አልተላጠ።
የዳቦው መኪና አፍንጫ እንደ ቆርቆሮ ተጨማድዷል፣
ቁራዎች በረዶው ላይ ዳቦ ይለቅማሉ፣
ልጁ፣ ዱጋል ይባላል፣ ባርኔጣውን በእጁ እየጠመዘዘ
ለማንም፣ ለመብራቱም፣ “ይቅርታ” ይላል።
እኔ ግን ደረቴን ነፋ አድርጌ ቆሜያለሁ።

“ቬይኮ፣” አለች ሲርካ። አልዞረችም።
“ቬይኮ፣ አንገቴን።”

ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ።
ሻንሲው ጎብጧል።
ምቱን እምቢ ያለው ብረት አልዋጠውም ለካ፣
ተቀብሎ አቀበለው፤
ላሜራው ለቱቦው፣ ቱቦው ለሻንሲው፣
ሻንሲው ለመቀመጫው፣
ሁሉም “እኔ አልችልም፣ ላንተ” እየተባባለ
ሄዶ ሄዶ፣ የሚቀበልለት ሌላ ከሌለው፣ ከሥጋ አረፈ።

አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነበር፤
እህቴ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ፊት ብቻ አየች፣ እንደ ባቡር።
ልጇ በጎን ሲጠራት
ቀሚሷ፣ ጫማዋ፣ ወንበሯ ሁሉ አብሯት ይዞር ነበር።

የኋላ የኋላ፣ ሐይቁ ተሰንጥቆ ማጓራት ሲጀምር፣
ሌላ ሠራሁላት።
ይኸኛው ለባለሙያ ያሳፍራል፤
ካረጀ የካሚዮን ጎማ የቆረጥኩት ጥቅል፣
ከኋላው ቀጭን ቱቦ፣ ሆን ብዬ ያደከምኩት፣
ሲመታ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ።
ለማድከም ነው ይበልጥ የለፋሁት።
መጋዙን ስስብ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር፤
ሠላሳ ዓመት ማጠንከር ብቻ ነው የማውቀው።

“ይሄ የሚሞት ነገር ነው፣” አልኳት፣
“አንድ ቀን፣ አንዴ፣ ባንቺ ፈንታ።
ከሞተ በኋላ አታስጠግኚው። ጣይው።”
ጎንበስ አለች፣ አሁን ትጎነበሳለች፣
በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤
ጎማው እሺ አለ፣ ገባ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።
“ለስላሳ ነው፣” አለች።
“አዎ።”

የፊተኛውን አልጣልኩትም።
ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጧል፣ እንደተወለደ፣
ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መዝጊያውን እንዳይወረውር
ደግፎ ይይዝልኛል።
ለዚያ ለዚያ ጎበዝ ነው።
ነፋስ አንገት የለውም።